የ1969ኙ ጥሪ በሬዲዮና በቀበሌ ብቻ አልተሳካም

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ እናት ሀገር ጥሪ ነው፤ ደርግ በ1969 ዓ.ም. ሕዝቡን ለጦርነት ስላሰለፈበት ጊዜ። የጽሑፉ ሀሳብ ባጭሩ ይኸው። ሶማሊያ ወረረች፣ መንግሥት ጠራ፣ ሕዝቡ በአንድ ልብ ተነሳ። 300 ሺህ ሚሊሻ በፈቃዱ ተሰለፈ። ይህ የሆነው መንግሥት ሬዲዮውን፣ ኪነቱንና ቀበሌውን በአንድ እጅ ስለያዘ ነው። ተቃዋሚውን ዝም ማሰኘቱ መራራ ቢሆንም ለድሉ አስፈላጊ ነበር። በኋላ ደርግ የወደቀው ደግሞ ዘዴው ስለከሸፈ ሳይሆን መኮንኖቹ ስለከዱት ነው። ስለዚህ ማንኛውም የኢትዮጵያ መንግሥት ጦርነት ሲገጥመው ያንኑ ዘዴ ቢጠቀም ይበጀዋል ይላሉ ጸሐፊው።

የጽሑፉ አነሳስ ይገባኛል። በዚያ ጦርነት ጅጅጋ አጠገብ፣ ካራማራ ላይ የወደቁት ሰዎች ከደርግ ጋር አብረው መረሳታቸው ያማል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሟቾች ክብር አብሮ እየተለወጠ ነው የኖርነው። ጸሐፊው ይህን መቃወማቸው ትክክል ነው። ግን ለሟቾች ክብር ከመቆም ተነስተው የደርግንም አሠራር ማወደስ ላይ ደርሰዋል። እዚህ ላይ ነው መንገዳችን የሚለያየው። ነጥቦቻቸውን በተራ ልሂድባቸው።

ከቀኑ ልጀምር። ጽሑፉ ጥሪው ለሶማሊያ ወረራ የተሰጠ መልስ እንደሆነ አድርጎ ያቀርበዋል። ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለማርያም ጥሪውን ያሰሙት ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ነው። የሶማሊያ መደበኛ ጦር በሙሉ ኃይሉ የገባው ደግሞ በሐምሌ ወር ነው። በመሀል ሦስት ወር አለ። በርግጥ ሰርጎ ገቦች በኦጋዴን ቀደም ብለው መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር። ሆኖም በሚያዝያ ወር የመንግሥቱ ዋና ጭንቀት ሌላ ቦታ ነበር። በኤርትራ ናቅፋ በመጋቢት ወድቃለች። በሰሜን ምዕራብ የቀድሞው ሥርዓት ሰዎች ያቋቋሙት ኢዲዩ ሁመራንና መተማን ይዟል። በከተማ ደርግን ከሚቃወመው የግራ ፓርቲ ከኢሕአፓ ጋር ጥይት መተኮስ ተጀምሯል። አሜሪካ ፊቷን አዙራለች፤ ጥሪው በተሰማ በ11ኛው ቀን የቃኘው ጣቢያና ሌሎቹ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። መንግሥቱም ተፈሪ በንቲን ገድለው ሥልጣኑን ጠቅልለው ከያዙ ገና ሁለት ወር ከምናምን ነው።

ስለዚህ ጥሪው የወጣው ሥርዓቱ ከየአቅጣጫው በተወጠረበት ሰዓት ነው። ጠላት ተብለው የተጠሩትም ብዙ ናቸው፤ የውጭ ወራሪ፣ ገንጣይ፣ መሬቱን የተወረሰ ባላባት፣ ኢሕአፓ። ሁሉም በአንድ ከረጢት ገቡ። ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሻም ሁሉ ወደ ምሥራቅ አልሄደም። ከፊሉ ወደ ሰሜን ተልኮ ከገዛ ወገኑ ጋር ተዋግቷል። ይህ ተራ የቀን ጉዳይ አይደለም። ሀገርን ማዳንና ሥልጣንን ማዳን በአንድ ጥሪ መጠቅለላቸውን የሚያሳየን ይኸው ቀን ነው። ጽሑፉ ሚያዝያን ዘሎ ከሐምሌ ሲጀምር ያ ጥቅል ከእይታ ይጠፋል።

ሐምሌ ላይ ነገሩ በእውነት ተለወጠ። ጎዴ ወደቀች። በአዲሱ ዓመት መባቻ ጅጅጋ ተያዘች። ድሬዳዋ ጫፍ ላይ ውጊያ ተደረገ፤ ሐረር ተከበበች። ያኔ ደርግን የሚጠላውም ሰው አንጀቱ ተቃጠለ። ይህን የሚክድ ሰው ያንን ዘመን አያውቀውም። ታዲያ ያ ቁጣ በሬዲዮ የተፈበረከ አልነበረም። በ1888 ምኒልክ ክተት ሲሉ፣ በ1928 ጣልያን ሲገባ የነበረው ያው የቆየ ስሜት ነው። ደርግ አልፈጠረውም፤ አግኝቶ ተጠቀመበት።

ሁለተኛው ነጥብ የፈቃደኝነት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጽሑፉ ገበሬው በፈቃዱ ዘመተ ይላል። በሌላ ወገን ደግሞ ሁሉም በግድ ተነዳ የሚሉ አሉ። ሁለቱም የዘመቱትን ሰዎች አነጋግረው የሚያውቁ አይመስለኝም። የእናቴ ወንድም አንዱ ነበር። አርሲ ውስጥ ጭሰኛ ነበር። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለመሬት የማይሰፍርለትን እህል አጨደ። በ1969 ክረምት መግቢያ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ይህን ያህል ሰው ላኩ የሚል ኮታ ከላይ ወርዶ ነበር። ሊቀመንበሩ ስም ጠራ። አጎቴ ያኔ ጤነኛ ነው። ስሙ ተጠራ፤ ሄደ።

ጎረምሳ ሳለሁ፣ ‹‹ጋሼ፣ ወደህ ነው ወይስ ተገደህ?›› ብዬ ጠይቄው ነበር። ‹‹የጠየቀኝ የለም›› አለኝ። ‹‹ቢጠይቁኝ ግን እምቢ አልልም ነበር። መሬቱን ገና አንድ ሁለቴ ነው ያጨድኩት። ባላባቱ ተመልሶ ይመጣል ይሉን ነበር፤ ሱማሌም ደርሷል። ታዲያ ምን ልበል?››

የሚሊሻው ታሪክ እንዳለ ይኸው ነው። ኮታ ነበረ፤ ፍላጎትም ነበረ። የጠየቀ የለም፤ እምቢ ያለውም ብዙ አልነበረም። ይህ ሰው የዘመተው ሬዲዮ ስለሰማ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ሰፈራቸው ስንት ሬዲዮ ነበረ? የዘመተው የሚያጣው ነገር ስለነበረው ነው። ያንን ነገር የሰጠው ደግሞ የመሬት አዋጁ ነው። ‹‹መሬት ላራሹ›› ብለው ለዓመታት የተደበደቡት ተማሪዎች የጮሁለት አዋጅ። እነዚያው ተማሪዎች በ1969 ምን እንደደረሰባቸው ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ጸሐፊው ዘዴው ብቻውን በቂ ነው ካሉ ደግሞ ራዛ የተባለውን ዘመቻ ማስረዳት አለባቸው። በ1968 ማብቂያ ላይ ደርግ ከሰሜኑ ክፍለ ሀገራት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎችን ሰብስቦ ወደ ኤርትራ ለማዝመት ሞክሮ ነበር። ያው መንግሥት፣ ያው የገበሬ ማኅበር፣ ያው ትእዛዝ። ገበሬው አሮጌ ጠመንጃ ይዞ፣ በቂ ሥልጠና ሳያገኝ ተሰበሰበ። ዛላንበሳ አካባቢ በኤርትራ ታጣቂዎች ተመታ፤ ተበተነ። ዘመቻው ኤርትራን በቅጡ ሳይረግጥ ቀረ። በራዛና በ1969 መካከል አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለው። በዚያ አንድ ዓመት መሣሪያና ሥልጠና መጣ፤ የሶቪየት ጠመንጃ ገባ። ከሁሉም በላይ ግን የጦርነቱ ምክንያት ለገበሬው ገባው። የራዛው ገበሬ ከማን ጋር፣ ለምን እንደሚዋጋ በደንብ የነገረው አልነበረም።

ስለ ሬዲዮና ስለ ኪነት የተጻፈው ክፍል ለማንበብ ደስ ይላል። ማርሹ፣ ቀረርቶው፣ ፉከራው፣ የክፍለ ጦር ባንዶች ግንባር ድረስ እየሄዱ መዝፈናቸው እውነት ነው። ዛሬም ያንን ዜማ የሰማ የዘመኑ ሰው ፀጉሩ ይቆማል። ሙዚቀኞቹ ለወታደሩ የሰጡት ነገር ትልቅ ነው። አንድ ነገር ግን ተዘሏል። ከጥሪው አንድ ወር በፊት፣ በመጋቢት 1969፣ ደርግ የወንጌል ድምፅ ሬዲዮ ጣቢያን ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። ከዚያ ወዲያ በሀገር ውስጥ ከመንግሥት ውጭ የሚናገር ጣቢያ አልነበረም። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱት ኖሮ ለክርክራቸው ይጠቅማቸው ነበር፤ አንድ ድምፅ ማለት ይኼ ነው ይሉ ነበር።

ይሁንና ሕዝቡ አንድ ድምፅ ብቻ ሰምቶ አያውቅም። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ፕሮግራም ከ1957 ጀምሮ አለ። በኋላም በ1975 የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ተጨመረ። ማታ በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ተቀንሶ፣ ጆሮ ሬዲዮኑ ላይ ተለጥፎ ይሰማል። በ1970 የመንግሥት ሬዲዮ ጅጅጋ ነፃ ወጣች፣ ጠላት ተባረረ ሲል ሕዝቡ አመነ። ያመነው ሌላ ስላልሰማ አይደለም፤ ከግንባር የመጣውም ቁስለኛ ያንኑ ስለነገረው ነው። በ1980 ያው ሬዲዮ ድል ሲያወራ ከግንባር የመጣው ቁስለኛ ሌላ ነገር አወራ። ሰውም ቁስለኛውን አመነ። ጸሐፊው ለሬዲዮው የሰጡት ጉልበት የሬዲዮው ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ቀበሌ ልምጣ። ጽሑፉ ቀበሌን የድሉ የጀርባ አጥንት ይለዋል። ከተማ ውስጥ ይህ ብዙም አያከራክርም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በሐምሌ 1967 ሲወጣ የተቋቋሙት ማኅበራት ሁሉን ነገር ያዙ። የቤት ኪራይ፣ የስኳርና የጨው ሸመታ በኅብረት ሱቅ፣ መታወቂያ፣ ለሥራም ለጉዞም የሚያስፈልግ የድጋፍ ደብዳቤ። ጦርነቱ ሲመጣ መዋጮውም በዚያው መንገድ ሄደ። የመዋጮ ደረሰኝ የሌለው ሰው ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲገባ እግሩ ይከብደው ነበር። ብዙ ሰው ከልቡ ሰጠ። ግን ከልቡ የሰጠውና ፈርቶ የሰጠው አንድ ደረሰኝ ነው የያዙት። ስለዚህ የተሰበሰበውን ገንዘብ እየቆጠሩ የሕዝብ ፍቅር ይህን ያህል ነበር ማለት አይቻልም። ጽሑፉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በዚህ ክፍል በጣም የቆረቆረኝ ሴቶቹ መዘለላቸው ነው። ስንቅ ያዘጋጁት እነሱ ናቸው። ገብስ ቆልተው፣ ፈጭተው በሶ ያደረጉት፤ ዳቦ ቆሎ የጋገሩት፤ ድርቆሽ ያሰጡት፤ ቋንጣ የዘለዘሉት። በየቀበሌው ግቢ ተራ ወጥቶላቸው፣ ልጅ አዝለው፣ ጭስ ውስጥ ሙሉ ቀን። እናቴ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ማንም ደመወዝ አልከፈላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ወንድሟ ግንባር ስለነበረ በሶውን ስትፈጭ ለሱ የምትልክ ነበር የሚመስላት። ተራዋ ሆኖ የቀረች ሴት ግን ስሟ ይመዘገባል፤ ይህንንም እናቴ ናት የነገረችኝ። ስለ ጦርነት ስናወራ ታንክና ጄኔራል ይቆጠራል። 300 ሺህ ሰው ምን በልቶ ተዋጋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጸሐፊው ስለ ሕዝብ መነሳሳት ያን ሁሉ ገጽ ሲጽፉ ለነዚህ ሴቶች አንድ አንቀጽ አለመስጠታቸው ያሳዝናል።

እናቴ የነገረችኝ ሌላም ነገር አለ። ስንቅ የሚዘጋጅበት የቀበሌ ግቢ ጀርባው እስር ቤት ነበር። ቀን ገብስ ይቆላል፤ ማታ ከዚያው ግቢ ወጣት ይወጣል። አንዳንዷ እናት ለሰው ልጅ ስንቅ ስታዘጋጅ የራሷ ልጅ በጀርባው ክፍል ታስሮ ነበር። ጸሐፊው አንድ እጅ ያሉት ይህ ነው። ያው እጅ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነጥብ ጽሑፉን እንዳነበብኩ ብዕር ያስነሳኝ ነው። ተቃዋሚን ዝም ማሰኘት ለድሉ አስፈላጊ ነበር የሚለው።

ቀኖቹን ደግመን እንያቸው። ጥሪው ሚያዝያ 4 ነው። ሚያዝያ 9 ላይ መንግሥቱ አብዮት አደባባይ ቆመው በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሰበሩ። የጠላት ደም እንዲህ ይፈሳል ማለታቸው ነበር። ከጥሪው እስከ ጠርሙሱ አምስት ቀን። በዚያው ወር፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። ብዙዎቹ ገና ልጆች ነበሩ። ሬሳ መንገድ ላይ ተጣለ፤ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። የሶማሊያ ጦር ገና በሙሉ ኃይሉ አልገባም። ታዲያ እነዚህ ልጆች መገደላቸው ለካራማራ የጠቀመው በምን በኩል ነው?

ኢሕአፓም ሰው ገድሏል። የቀበሌ ሊቀመንበር፣ የማኅበር መሪ በጥይት ተመትቶ ወድቋል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን የመንግሥት መልስ ገዳዮቹን ለይቶ መያዝ አልነበረም። በየቤቱ አሰሳ ተደረገ፤ የጽሕፈት መኪና፣ ካርቦን ወረቀት፣ መነጽር ያለው ተማሪ ሁሉ ተጠረጠረ። የጸሐፊውን ክርክር ሙሉ በሙሉ የሚያፈርሰው ደግሞ የመኢሶን ነገር ነው። መኢሶን ተቃዋሚ አልነበረም፤ ከደርግ ጋር የሠራ ድርጅት ነው። ቀበሌውን በማደራጀትም ትልቅ እጅ ነበረው። ነሐሴ 1969 ላይ፣ ልክ ወረራው በተፋፋመበት ሰዓት፣ መሪዎቹ ሸሽተው ተደበቁ፤ ብዙዎቹም እየተያዙ ተገደሉ። ዝም ማሰኘቱ ለጦርነቱ ከሆነ ደጋፊውን ለምን በላ?

የሞራሉን ጉዳይ እንኳ ወደ ጎን ብንተወው ለጦርነቱም አልበጀም። ሠራዊቱ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ካርታ የሚያነብ መኮንን ይፈልጋል። እነዚያ የተገደሉት ልጆች የዚህች ሀገር ጥቂት ፊደል የቆጠሩ ልጆች ነበሩ። በ1967 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጥቶ ገበሬውን ያደራጀው ይኸው ትውልድ ነው። አጎቴን ስሙን መጻፍ ያስተማረው አንድ ዘማች ተማሪ ነው። ልጁ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ በቀይ ሽብር ተገደለ። አጎቴ ከግንባር ሲመለስ ነው የሰማው። ያንን ልጅ ሳያነሳ ስለ ዘመቻው አውርቶ አያውቅም።

ሌላም ጉዳት አለ፤ ዘግይቶ የታየ። የፈራ ሰው ለመንግሥት እውነቱን አይናገርም። ቀበሌው መልካም ነው ይላል፤ ክፍለ ሀገሩ መልካም ነው ይላል፤ ሪፖርቱ መልካም ሆኖ ላይ ይደርሳል። ሠራዊቱም ውስጥ ያው ሆነ። በ1980 በኤርትራ ግንባር የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ መጋቢት ላይ፣ ዕዙ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። ከዚያ በፊት ግንባሩ ተዳክሟል ብሎ የሚናገር መኮንን ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር።

የውጭ እርዳታውን ባጭሩ ልለፈው። ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶት ያልፋል። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደር በሀገሪቱ ነበር። የሶቪየት መሣሪያ ከኅዳር ጀምሮ በአየርና በባሕር ጎርፏል፤ የዘመቻ እቅዱ ላይም የሶቪየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ ነበሩበት። ይህን መናገር የኢትዮጵያን ወታደር ጀግንነት አይቀንሰውም። የኩባው ታንክ ከመምጣቱ በፊት ለወራት ሐረርንና ድሬዳዋን አላስነካ ያሉት የእኛው ሰዎች ናቸው። ደርግ ራሱ የትግላችን ሐውልት ላይ የኩባ ሰማዕታትን ምስል አኑሯል። ጸሐፊው ከደርግም በላይ ሊደብቁት ሞከሩ። ለምን እንደሆነ ግን ግልጽ ነው፤ ኩባና ሶቪየት ከተቆጠሩ ዘዴው ብቻውን ድል አመጣ ማለት አይቻልም።

አሁን ጽሑፉ ፈጽሞ ስላላነሳቸው ሰዎች ላውራ። ስለ ኢትዮጵያ ሶማሌዎች።

ጦርነቱ የተካሄደው በእነሱ መሬት፣ በእነሱ ጉድጓድ ውሃና በእነሱ ግመል መካከል ነው። ከመሐላቸው የሶማሊያን ጦር የተቀበሉ፣ ጠመንጃ ያነሱ ነበሩ። ከመሐላቸው ለኢትዮጵያ የተዋጉም ነበሩ። ብዙው ግን እረኛ ነው፤ ሁለት ጦር መሐል የተገኘ ሰው። የመንግሥት ቅስቀሳ ‹‹ሰርጎ ገብ›› እያለ ሲጮህ፣ ከአዲስ አበባ የሚሰማው ሰው ሰርጎ ገቡን ከዜጋው የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ወታደሩም አልነበረውም። ከድሉ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው በሶማሊያ የስደተኛ መጠለያ ገቡ። እነዚህ ሰዎች በወረቀት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጽሑፉ በአንድ ልብ የተነሳ ሕዝብ ሲል እነሱን ሕዝቡ ውስጥ ቆጥሯቸዋል ወይስ አልቆጠራቸውም? አንድ መንግሥት ሕዝብን ለጦርነት ሲያነሳ ጠላትን መሳል አለበት። የተሳለው ሥዕል የራሱን ዜጋ ከመሰለ ጦርነቱ አልቆም ሥዕሉ ይቀራል። ጅጅጋ ያደገ ሰው ይህን ከእኔ የተሻለ ይነግራችኋል።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ዘዴው አልከሸፈም፣ የከዱት መኮንኖች ናቸው የሚለው ነው። ይህ የጽሑፉ ማገር ነው፤ ይህ ካልቆመ የቀረው አይቆምም።

ከ1970 በኋላ ዘዴው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ቀበሌው ጠነከረ። የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት በሀገር አቀፍ ደረጃ ተዋቀሩ። ፓርቲ ተመሠረተ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ተደነገገ። በዚያ ላይ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ጋዜጣ ሁሉም በመንግሥት እጅ ነው። ጸሐፊው ለድል ያበቃል ያሉት ነገር ሁሉ ከ1969 በላይ በ1980 ተሟልቶ ነበር።

የጎደለው ምን ነበር? የአጎቴን ኑሮ ልመልስላችሁ። በ1967 መሬት አገኘ፤ በ1969 ለሱ ዘመተ፤ ቆስሎ ተመለሰ። ከዚያ ኮታ መጣ። ምርት ለመንግሥት በመንግሥት ዋጋ ማስረከብ ግዴታ ሆነ። ገበያ ላይ የሚያወጣውን ግማሽ እንኳ አያገኝም። ቀጥሎ መንደር ምሥረታ መጣ። ቤቱን አፍርሶ፣ ከማሳው ርቆ፣ በመስመር የተሠራ ጎጆ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ቀጥሎ የልጁ ተራ ደረሰ። የመጀመሪያ ልጁ 16 ዓመቱ ነበር። አፈሳ ሲመጣ አጎቴ ልጁን ማሽላ ውስጥ ደበቀው፤ በኋላም ሌሊት ወደ ዘመድ ላከው። ያ ከካራማራ በኩል ቆስሎ የተመለሰ ሰው። ያው ሰው ነው፤ ሀገር መውደዱን አላቆመም። ፈሪም አልሆነም። መንግሥት ግን የሰጠውን መልሶ ወስዶበታል።

ከተማውም እንዲሁ ነበር። ወጣቶች ከሲኒማ ቤት በር፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከአውቶቡስ ታፈሱ። እናቶች ልጃቸውን ቀሚስ አልብሰው አሳለፉ ይባላል። ከአፋቤት በኋላ ‹‹ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር›› ተባለ። ከደመወዝ ተቆረጠ፤ ሰልፍ ተጠራ፤ ማርሹ ተከፈተ። የዘፈኑ ዜማ አልተበላሸም፤ ሰሚው ግን ዜማውን ሰምቶ በሩን ዘጋ።

መኮንኖቹ ከዱ ይላሉ ጸሐፊው። የግንቦት 8 ቀን 1981ን መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ማለታቸው ነው። ዘዴው የከሸፈው ከዚያ በፊት ነው። አፋቤት በመጋቢት 1980፣ ሽሬ በየካቲት 1981። ጄኔራሎቹ የተነሱት ከሽንፈቱ በኋላ፣ በሽንፈቱ ምክንያት ነው። ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ በ1969 እና በ1970 በምሥራቅ ጦር ግንባር የተዋጉ ናቸው። ጽሑፉ በመጀመሪያ ገጹ ጀግኖች ያላቸውን ሰዎች በመጨረሻ ገጹ ከሃዲ ይላቸዋል። ሙከራው ከከሸፈ ከአንድ ዓመት በኋላ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ሠራዊቱ ያለ አዛዥ ቀረ። ማንም ሌላ ሰው አይደለም ይህን ያደረገው፤ ያ አንድ እጅ የተባለው ነው።

በ1983 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ተላኩ። ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ሀገር ጥለው ሄዱ። ‹‹አንድ ሰውና አንድ ጥይት እስኪቀር›› ሲሉ የነበሩት ሰው ናቸው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ኬንያ ተሰደዱ።

ጸሐፊው ዘዴው ይደገም ብለዋል። ምላሽ ከጻፉ ይህን አንድ ነገር እንዲመልሱልኝ እጠይቃቸዋለሁ። በ1969 እና በ1980 መሪው አንድ ነው፤ ሬዲዮው አንድ ነው፤ ቀበሌው አንድ ነው፤ ማርሹም አንድ ነው። አጎቴ በመጀመሪያው ዘምቶ በሁለተኛው ልጁን የደበቀው ለምንድን ነው?